ሙያ ያለ ደመወዝ
በአዲስ አበባ ድኻ ሰፈሮች ስለሚኖሩ ወጣት ሴቶች የቀረበ ሂስ

በአማርኛ አንዲት ወጣት ሴት ወጥ አጣፍጣ ስትሠራ፥ የጋገረችው እንጀራ ዐይኑ ሲያምር፥ ቤቱን ጠርጋ ቡናውን በሰዓቱ ስታቀርብ «ባለሙያ ናት» ተብላ ትመሰገናለች። ይኸው ቃል ዛሬ በመሥሪያ ቤት ለመሐንዲሱ፥ ለሐኪሙና ለሒሳብ ዐዋቂው ይሰጣል። በሁለቱ ባለሙያዎች መካከል ያለው ልዩነት ግን ታላቅ ነው። አንደኛው በወሩ መጨረሻ ፈርሞ ደመወዙን ይቀበላል፤ ሁለተኛይቱ ምስጋናዋን ተቀብላ ወደ ጓዳ ትመለሳለች። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር የተነሣነው ይህን ልዩነት ነው፤ ይኸውም በድኻ ሰፈር በምትኖር ወጣት ሴት ሕይወት ላይ ምን እንደሚያስከትል ለማሳየት ነው።

ስለ ሴቶች እኩልነት በተማሪዎች ጽሑፍ ደጋግመን የምናነበው ሐተታ አንድ መልክ አለው። ወላጆች ባለማወቅ ሴት ልጃቸውን ከትምህርት ያስቀራሉ፤ ምክንያቱ ኋላ ቀር ልማድ ነው፤ መድኃኒቱም ወላጆችን ማስተማር ነው ይላል። ይህ ሐተታ ፈጽሞ ሐሰት ነው አንልም። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት ከእኛው ቤት የወጣ ነውና ልማድ የራሱ ድርሻ እንዳለው አንክድም። ዳሩ ግን ይህ ሐተታ ለጸሐፊው እጅግ ይመቻል፤ ጥፋቱን ሁሉ ባልተማረው ሰው ላይ ጥሎ የተማረውን ነፃ ያወጣዋልና። የእኛ አሳብ ከዚህ ይለያል። በድኻ ቤት የሴት ልጅ ጊዜ የቤቱ ገንዘብ ነው፤ ይህ ገንዘብ ግን ዕለት ዕለት ሲወጣ መዝገብ የሚይዝለት የለም። ቤተ ሰቡ በዝምድና ስም፥ ሕጉ በግል አገልግሎት ስም፥ እኛም ተማሪዎች በልማድ ስም እንሸፍነዋለን።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አስቀድመን ስፍራውን እንወስን። የምንናገረው በአዲስ አበባ ስላሉት አሮጌ የጭቃና የቆርቆሮ ቤቶች ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ተወርሰው በቀበሌ እጅ የገቡ ናቸው። ኪራያቸው አነስተኛ ስለ ሆነ ድኻውን በከተማው መካከል አቆይተውታል፤ ጥገና ስለሚያጡም አርጅተዋል። ባለፉት ዓመታት በመልሶ ማልማት ምክንያት፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በፒያሳ አካባቢ እንደ ታየው፥ ብዙዎቹ ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ከተማው ዳር ተዛውረዋል። የቀሩት ግን ዛሬም ብዙ ሰው ይኖርባቸዋል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የከተማይቱ ነዋሪ 2,739,551 ሲሆን ከዚህ ውስጥ ሴቶቹ 1,434,164 ነበሩ፤ ይህም ከወንዶቹ በ128,777 ይበልጣል። ለዚህ ብልጫ አንዱ ምክንያት ከየገጠሩ ለቤት ሥራ ወደ ከተማ የሚመጡት ልጃገረዶች መሆናቸው የታወቀ ነው። «ልጃገረድ» በሚለው ቃል ውስጥ «ገረድ» የሚለው ቃል እንደሚሰማ አንባቢ ልብ ይበል።

እንግዲህ በእንዲህ ያለው ሰፈር የአንዲት የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ቀን እንዴት እንደሚውል እንመልከት። ውሃ በፈረቃ ነው። የግቢው ቧንቧ አንድ ሲሆን የሚጠቀሙበት ቤተ ሰቦች ግን ብዙ ናቸው። ውሃው ሌሊት ከመጣ ሌሊት የሚነሣ ሰው ያስፈልጋል፤ ቀን ከመጣም ተራ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ካልመጣ ደግሞ ሃያ ሊትር የሚይዘውን ጀሪካን ይዞ ወደ ቦኖ መሄድ ግድ ነው። ከዚያ ቁርስ፥ ከዚያ ዕቃ ማጠብ፥ ከዚያ ታናናሾቹን አልብሶ ወደ ትምህርት ቤት ማድረስ ይከተላል። የጋራ ሽንት ቤቱን ማጽዳት ተራ አለው፤ የታመመ ማስታመም ግን ተራ የለውም። ሽሮ ሜዳና ከዚያ በላይ ባሉት ሰፈሮች ለብዙ ዘመን በዚህ ላይ የእንጨት ሸክም ተጨምሮበት ኖሯል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን በገባው ባሕር ዛፍ የተሸፈነውን የእንጦጦን ጋራ ወጥተው፥ ቅጠሉንና ጭራሮውን ለቅመው፥ ከሠላሳ ኪሎ የሚበልጥ ሸክም በጀርባቸው አዝለው የሚወርዱት ሴቶችና ልጃገረዶች እንደ ነበሩ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ጎንበስ ብለው ሲያልፉ መንገድ ለቅቀንላቸዋል፤ የስንት ሰዓት መንገድ እንደ ተጓዙ የጠየቅን ግን ጥቂቶች ነን።

የዚህችው ልጅ ወንድም ሥራ የለውም ማለታችን አይደለም። የድኻ ልጅ ሁሉ ይሠራል። ነገር ግን ወንድሙ ሊስትሮ ቢሆን፥ ዕቃ ቢሸከም፥ ወይም የታክሲ ረዳት ቢሆን የሚያገኘው ሳንቲም ይቆጠራል። ማታ አምጥቶ ለእናቱ ሲሰጥ «ልጄ ደረሰልኝ» ይባላል፤ ከዚያም ላይ ጥቂቱን ለራሱ ያስቀራል። የእኅቱ ሥራ ግን ሲሠራ አይታይም፤ የሚታየው ሲቀር ብቻ ነው። ውሃው ተቀድቶ ሲገኝ ማንም አያመሰግንም፤ ሳይቀዳ ሲቀር ግን ሁሉም «የታለች?» ይላል።

እንበልና እናቲቱ ወለዱ ወይም ታመሙ። ከልጆቻቸው አንዱ ከቤት መቅረት አለበት። ወንዱ ቢቀር ቤቱ በዚያው ቀን ገንዘብ ያጣል፤ ወይም ነገ ደመወዝ ያመጣል ተብሎ የሚጠበቀው ትምህርቱ ይጎዳል። ሴቲቱ ብትቀር ግን በዚያ ቀን የሚጎድል ነገር ያለ አይመስልም። ስለዚህ እርሷ ትቀራለች። በጉልት ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጡት እናት ይህን ሲወስኑ ሒሳብ አያውቁም የሚል ሰው ቢኖር እጅግ ተሳስቷል። ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ። ለሴት ልጃቸው ሥራ ዋጋ ያልሰጠው ገበያው ነው፤ እርሳቸው በገበያው ዋጋ ሒሳባቸውን ሠሩ። እንዲህ ያለችውን እናት ስለ ትምህርት ጥቅም ብንሰብካት «ልክ ነው ልጆቼ» ብላ ትሸኘናለች፤ በማግሥቱም ውሃ የሚቀዳ ሰው ያስፈልጋታል።

በዚህ ላይ የመንገድ ፍርሃት አለ። የማታ ትምህርት የሚጀምረው ሲመሽ፥ የሚያልቀውም ከጨለመ በኋላ ነው። መብራት በሌለው ቅያስ ልጅቷን ብቻዋን መላክ እናቲቱን ያስፈራታል፤ ፍርሃቷም ከንቱ አይደለም። ነገር ግን አደጋውን የሚያመጡት ወንዶች ሆነው ሳሉ በቤት እንዲዘጋበት የሚፈረደው በሴቲቱ ላይ ነው። ወንድሟ ምሽቱን ከጓደኞቹ ጋር ሲያጠናና ወሬ ሲሰማ፥ ማን ምን ሥራ እንዳገኘ ሲያውቅ፥ እርሷ በአራት ግድግዳ መካከል ታመሻለች። በድኻ ሰፈር ሥራ የሚገኘው በሰው ወሬ እንደ ሆነ ለሚያውቅ የዚህ ጉዳት ግልጽ ነው። የቀኑን ጊዜዋን ሥራው ይወስደዋል፤ የማታውን ደግሞ ፍርሃቱ ይወስደዋል።

እኛ የምናውቃት አንዲት ልጅ አለች፤ ስሟን አናነሣም። አራተኛ ክፍል ስትደርስ አክስቷ «ከተማ ወስጄ አስተምራታለሁ» ብለው ከገጠር አመጧት። አክስትየዋ ክፉ ሴት አይደሉም፤ እንጀራ እየጋገሩ ለምግብ ቤቶች የሚያቀርቡ፥ ባላቸው የሞቱባቸው፥ ሦስት ልጆች የሚያሳድጉ ድኻ ናቸው። ቃላቸውንም አልበሉም፤ ልጅቷን በማታ ትምህርት ቤት አስመዘገቧት። ልጅቷ ሊጡን ታቦካለች፥ ምጣዱን ታሰማለች፥ እንጀራውን በሞሰብ ተሸክማ ታደርሳለች። ስንት ይከፈልሻል ብለን በጠየቅናት ጊዜ እንደ መደንገጥ ብላ «እትዬ ዘመዴ ናቸው፤ ከዘመድ ምን ደመወዝ አለ?» አለችን። በአገራችን «እትዬ» የሚለው ቃል ለታላቅ ዘመድም፥ ለቤት እመቤትም ይነገራልና ከሁለቱ በየትኛው እንደ ጠራቻቸው ለማወቅ አልቻልንም፤ እርሷም የምታውቅ አልመሰለንም። በዓመቱ መጨረሻ የፈተናው ቀን በቤቱ ክርስትና ካለበት ቀን ጋር ገጠመ። ጓደኞቿ ለፈተና ሲቀመጡ እርሷ ለወጡ ሽንኩርት ስታቁላላ ዋለች። የከለከላት የለም። ማንም «አትሂጂ» አላላትም፤ ማንም «እኔ ልሥራልሽና ሂጂ» ያላትም የለም። ያንኑ ክፍል ደገመች።

ይህች ልጅ በሕግ ፊት ማን ናት? ተማሪ ናት እንዳይባል ፈተና አልተቀመጠችም፤ ሠራተኛ ናት እንዳይባል ደመወዝ የላትም። ዘመድ ባትሆንና ደላላ ያስገባት ደመወዝተኛ ብትሆን እንኳ ብዙ አይለወጥላትም ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአሠሪው ጋር አብሮ ስለሚኖር ሠራተኛ ጥቂት ቃል አለው፤ አሠሪው ስለ መኖሪያው፥ ስለ ምግቡ፥ ስለ ሥራውና ስለ ዕረፍቱ ጊዜ ተገቢውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ ያዛል። ተገቢው ስንት ሰዓት እንደ ሆነ ግን አይናገርም። ከዚያ በኋላ የወጡት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጆች ሰዓቱን ቆጥረዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት፥ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ፥ በሳምንት የ24 ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጥ፥ የወለደች ሠራተኛ በጠቅላላው 120 ቀን ፈቃድ ከደመወዝ ጋር እንድታገኝ፥ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር ይደነግጋል። እነዚህ ሁሉ የሚያስመሰግኑ ናቸው። ዳሩ ግን ያው አዋጅ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ውልን ከወሰኑ ውጭ ያደርጋል፤ ለዚህ ዐይነቱ ሥራ ደንብ ማውጣትን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ይተዋል። ከእርሱ በፊት የነበሩት የ1985 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 42ና የ1996 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 377ም የግል አገልግሎትን ከወሰናቸው ውጭ አድርገው ነበር። ሦስት አዋጆች ሲተካኩ የቤት ሠራተኛይቱ ከደጅ እንደ ቆመች ናት።

የዚህን ውጤት በአንድ ምሳሌ እናሳይ። ሁለት እኅትማማች ከአንድ መንደር መጥተው አንደኛዋ በሆቴል፥ ሁለተኛዋ በመኖሪያ ቤት እንጀራ ለመጋገር ተቀጠሩ እንበል። ምጣዱ አንድ ነው፤ ጢሱ አንድ ነው፤ ጤፉም አንድ ነው። የመጀመሪያይቱ ስምንት ሰዓት ሠርታ ትርፍ ሰዓቷን ትጠይቃለች፤ ቢከለክሏት ክስ የምታቀርብበት ቦታ አላት። ሁለተኛይቱ ግን ከመኝታዋ የተነሣችበት ሰዓት የሥራዋ መጀመሪያ፥ የተኛችበት ሰዓት የሥራዋ መጨረሻ ነው። ልዩነቱ የመጣው ከሥራው ሳይሆን ከበሩ ነው። የመኖሪያ ቤት በር ከተዘጋ በኋላ የሚሠራው ሥራ ሥራ አይባልም።

በዚህ ዋጋ ጊዜዋን የሸጠች ወጣት የተሻለ ዋጋ ሲነገራት ብትሄድ ልንፈርድባት አይገባም። ወደ ቤሩት፥ ወደ ጅዳና ወደ ዱባይ የሚወስደው መንገድ ለብዙዎች የሚጀምረው ከአዲስ አበባ ጓዳ ነው። በዚያ የሚጠብቃቸው ያው የቤት ሥራ ነው፤ ብቻ ደመወዙ ይቆጠራል። መኖሪያ ፈቃዳቸው በአንድ አሠሪ ስም የታሰረ በመሆኑ ግን ሌላ ጭንቀት ይከተላቸዋል። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ መንግሥታችን የሠራተኛ ጉዞን አገደ፤ በዚያው ዓመት ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንን፥ ወንዶችንም ሴቶችንም፥ ወደ አገራቸው መለሰች። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ሲወጣ ተጓዧ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች እንድትሆን የሚል ግዴታ ነበረበት። አሳቡ በጎ ነበር፤ ነገር ግን በአራተኛ ክፍል ጊዜዋን ለሰው ቤት የሰጠች ልጅ ይህን ማስረጃ ከወዴት ታመጣለች? ሕጋዊው በር ሲዘጋባት በኦቦክ በኩል ባሕር ተሻግራ ወደ የመን የሚወስደው የደላላ መንገድ ይቀራታል። በልጅነቷ ያልተቆጠረላት ጊዜ ካደገች በኋላ ዕዳ ሆኖ ይመጣባታል።

በዚህ ላይ የሚነሣ ክርክር እንዳለ እናውቃለን፤ አልፈነውም ልንሄድ አንሻም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ደንግጓል። የ1952 ዓ.ም. ሕግ ለሴት 15፥ ለወንድ 18 ዓመት ያደረገውን የጋብቻ ዕድሜ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 አድርጎታል። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ከመቶ ሠላሳው ለሴቶች እንዲሆን ተወስኖ ብዙ እናቶች በስማቸው ቤት አግኝተዋል። በዘመናችን ትምህርት ቤት የሚገቡት ሴት ልጆች ቁጥርም በአያቶቻችን ዘመን ሊታሰብ የማይችል ነው። ይህን ሁሉ የሚንቅ ሰው እናቱን ይጠይቅ። ነገር ግን እነዚህ መልካም ሥራዎች የሚደርሱት በመዝገብ ላይ ለሰፈረች ሴት ነው። ለቤቱ ዕጣ ለመመዝገብ የነዋሪነት መታወቂያና በየወሩ የሚቆጠብ ገንዘብ ያስፈልግ ነበር፤ በሰው ማጀት ምንጣፍ ዘርግታ የምታድር ልጅ ሁለቱም የሏትም። በትምህርት ቤት መዝገብ ላይም ስሟ መኖሩ ለፈተና መቀመጧን አያረጋግጥም። ስለዚህ መብቷን የሚነፍጋት የተጻፈው ሕግ ብቻ አይደለም፤ መብቱን የምትጠቀምበት ሰዓት ማጣቷ ጭምር ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ፤ ሂስ ከራስ ካልጀመረ ሐሜት ይሆናልና። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 10 የሚገኘው የማርያምና የማርታ ታሪክ ብዙ ጊዜ ተሰብኮልናል። ማርያም በጌታ እግር ሥር ተቀምጣ ቃሉን ስትሰማ ማርታ በማጀት ትባክን ነበር፤ ማርያም መልካሙን ዕድል መረጠች ተባልን። እኛም ይህን ስንሰማ መጽሐፋችንን እንድንመርጥ የተነገረን መሰለን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ወንዶቹ ኳስ ሲጫወቱ አዳራሹን የሚጠርጉትና ድስት የሚያጥቡት ሴቶቹ ነበሩ። ማርያም እንድትቀመጥ ማርታ እራቱን መሥራት እንዳለባት፥ ማርታም ብትቀመጥ ከተቀመጡት አንዱ ተነሥቶ ሊያግዝ እንደሚገባ ያነሣ ሰው አልነበረም። ከእኛም የጠየቀ የለም።

ዛሬ በዚህ ኮሌጅ በመምህራን እግር ሥር የተቀመጥን ሁሉ እያንዳንዳችን አንዳንድ ማርታ አለችን። ሸሚዛችንን ያጠበች፥ ለፈተና ስናጠና ሻይ ያፈላች፥ እኛ እንድንማር ታናናሾቻችንን የያዘች ታላቅ እኅት ወይም «የዘመድ ልጅ» የሌለችበት ቤት ምን ያህል ነው? ከመካከላችን ያሉት ሴት ተማሪዎችም ቢሆኑ ብዙዎቹ እዚህ የደረሱት የሌላ ሴት ልጅ ጊዜ ስለ ተከፈለላቸው ነው። ይህን የምንለው ለወቀሳ ብቻ አይደለም። በልማድ ያሳበብነው ዕዳ በከፊል የእኛው መሆኑን ካላመንን የምናቀርበው መድኃኒት ሁሉ ለሌላ ሰው የታዘዘ ይሆናል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በእኛ አስተያየት ሦስት ነገሮች ይገባሉ። አንደኛ፥ ስለ ቤት ሠራተኞች ሦስቱ አዋጆች ያላካተቱት ጉዳይ በዝርዝር ሕግ መወሰን አለበት፤ የሥራው ሰዓት፥ የሳምንቱ ዕረፍት፥ የማታ ትምህርት ጊዜና የፈተና ቀን በጽሑፍ ይስፈር፤ ውሉም በወረዳ ይመዝገብ። በዘመድ ቤት ያለችውም ልጅ ከዚህ እንዳትቀር። ሁለተኛ፥ በየግቢው ቧንቧ ማስገባትና የቅያሱን መብራት ማብራት እንደ ከተማ ውበት ሥራ ብቻ መታየቱ ቀርቶ እንደ ሴት ልጅ ትምህርት ይቆጠር። ውሃ በአንድ ግቢ ሲገባ ለልጅቷ በየቀኑ የሚመለስላት ጊዜ ከብዙ ስብከት ይበልጣል። ሦስተኛው እኛን የሚመለከት ነው። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በ2005 ዓ.ም. ባደረገው የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ያለ ክፍያ የሚሠራው የቤት ሥራ አብዛኛው በሴቶች ላይ እንደሚወድቅ ታይቷል። የእኛ የተማሪዎች ጥናት ግን እስካሁን ቤተ ሰቡን «ሴት ልጅዎ ትማራለች ወይስ አትማርም?» ብሎ ጠይቆ ይመለሳል። ከእንግዲህ ወዲህ «ዛሬ ጠዋት ውሃውን የቀዳው ማን ነው? ስንት ሰዓት ፈጀ?» ብለን እንጠይቅ።

ለዚህም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ይህን ጽሑፍ ያነበበ ተማሪ ለዕረፍት ወደ ቤቱ ሲመለስ አንድ ሳምንት ብቻ ደብተር ይዞ በቤቱ ያለችውን ልጅ ሥራ ከማለዳ እስከ ማታ በሰዓት ይመዝግብ፤ ከጎኑም የራሱን ይጻፍ። ሁለቱን ዐምዶች ደምሮ ለዚህ መጽሔት ቢልክልን፥ አሳባችን የተሳሳተ ሆኖ ቢገኝም፥ በደስታ እንቀበለዋለን።